የቮልሴ ሳልባትዮና አሥራ አንድ ጋሎን አቼቶ

በሰኔ መጀመሪያ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ አሌክሳንድሪያ አክስቴ ቤት ለምሳ ስሄድ፣ ቮልሴ ውድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ ሁለት ጊዜ አንገራግራ ቀጥ አለች። ከታች ፖቶማክ፣ ከኋላ ቤልትዌዩን የሞላ መኪና፣ ሁሉም ጡሩምባ ላይ ተኝቷል። ዳር ይዤ አሥር ደቂቃ ያህል ላቤን ስጠርግ ቆየሁና ቁልፉን ሳዞር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች። ዱክ ስትሪት ስደርስ ደግማ ጠፋች።

እኔ ቦቢናውን ጠርጥሬ ነበር፤ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል ብዬ። የአክስቴ ባል ጋሼ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቦቢናውን ዞር ብለውም አላዩት። ትንሿን የፕላስቲክ ፊልትሮ ነቅለው ወደ ፀሐይ አነሱና «ይኸው፣ ቀይ ጤፍ እያበላሃት ነው» አሉኝ። እውነትም ውስጡ ዱቄት የመሰለ ቀይ ነገር ታጭቋል። ዝገት ነው።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ይህን ምልክት ያዙልኝ። ሞተሩ ሲሠራ ዝገቱ ከነዳጁ ጋር እየተሳበ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። መኪናዋ ስትቆም መሳቡ ይቀራል፣ ዝገቱም ይረጋል፤ ስለዚህ ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ ትደግመዋለች። ፊልትሮ መቀየር ለሳምንት ያህል ያሳርፋል እንጂ በሽታው ያለው ታንኩ ውስጥ ነው። ታንኩን ጋሼ እስከ ዛሬ ሳልባትዮ ነው የሚሉት፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ስሆን አፌ ወደዚያው ይሄዳል።

የእኔዋ የ1969 ሥሪት ናት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከእኔ በፊት የነበራት ሰው ታንኩ ሩብ ያህል ቤንዚን እንደያዘ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ አቁሟት ኖሯል። ያጠፋትም ይኸው ነው። ባዶው ክፍል አየር ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት ላሜራው ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛው ይወርዳል፣ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። የዋሽንግተንን የበጋ ወበቅ የምታውቁት ነው። በዚያ ላይ እዚህ አገር የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ውሃው ሲበዛም ሁለቱ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለዩና ወለሉ ላይ ይዘቅጣሉ። ጋሼ «አዲስ አበባ ሳልባትዮ በዝገት አውርጄ አላውቅም» ይላሉ። ትንሽ ያጋነኑ ይመስለኛል፤ መኪናው እዚያ ሳይነዳ የሚውልበት ቀን ስለሌለም ይሆናል።

ለማያውቁት፣ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሳልባትዮዋ ከፊት ኮፈን ስር፣ ከመለዋወጫ ጎማው ጀርባ ነው። 40 ሊትር ያህል ይይዛል። በአራት ብሎን ነው የታሰረው፤ ማውረዱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ጭሱ ነው፤ ማለቴ የማይታየው ትነት። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነት ነው። እኔ ጥላ ፈልጌ ወደ ጋራዡ ልገፋት ስል ጋሼ ተቆጡ። «ጥግ ላይ ያለው የውሃ ማሞቂያ እሳት አይታይህም?» የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሳባል፤ ከማሞቂያው ነበልባል ጋር ከተገናኘ አለቀ። ደጅ ላይ ሠራን። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ስር ያለውን ባትሪ ፈታን፣ ከዚያ ቤንዚኑን በእጅ ፖምፓ ወደ ጀሪካን ቀዳን። በአፍ መሳብ የለመዳችሁ ተዉት፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ቤንዚን ይገድላል።

የቤንዚን መለኪያው በሚገባበት ቀዳዳ ውስጡን አየሁት። ግድግዳው እንደ ቡና ስኒ አተላ ጠቁሯል፣ ወለሉ ቀይ ነው፣ መውጫው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ግማሿ ተበልታለች። የቆየው ቤንዚን የቫርኒሽ ሽታ ይዟል። ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳህን ሳሙና ደጋግመን አጠብነው፤ አቼቶ ዝገት ይበላል እንጂ ቅባትና ቫርኒሽ አይነካም።

ከዚያ አቼቶ። አሥራ አንድ ጋሎን ነጭ አቼቶ ጋሪ ላይ ጭኜ ስከፍል ገንዘብ ተቀባይዋ ሐበሻ ነበረች፤ «ድግስ አለ እንዴ?» አለችኝ። ለቮልስ ነው ስላት የምታምነኝ አልመሰለኝም። አፉ ድረስ ሞላነው፤ ምክንያቱም ጣሪያውም ዝጓል። ሁለት ቀን አሳደርነው። በመሐል ግማሹን ቀድተን፣ አንድ እፍኝ ዳዶ ጨምረን፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነን እንደ ወተት ናጥነው። ጋሼ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን። ዳዶዎቹን ቁጠሩ፤ አንድ ውስጥ ቢቀር ዕድሜ ልካችሁን ሲንኳኳ ትሰማላችሁ። ስንደፋው የወጣው ጥቁር ጠላ ነው የሚመስለው። በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አሲዱን አጠፋን፣ በቅጠል መንፊያ ማሽን አደረቅን። እዚህ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ እርጥብ የተራቆተ ብረት በሰዓት ውስጥ መልሶ ይቀላል። ወዲያው ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ማገለባበጥ ነው።

ውስጡ እንደ አዲስ ብር አብረቀረቀ። እኔ ፎቶ እያነሳሁ ነው። ጋሼ ግን አምፖል ውስጥ አስገብተው በጨለማው በኩል ከስር ተመለከቱና «ና ሰማይ እይ» አሉኝ። የወለሉ ጠርዝ ላይ አምስት የመርፌ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል። ለካ እስከዚያ ቀን ደፍኖ የያዘው ዝገቱ ራሱ ኖሯል! አጥበን አጥበን መድኃኒቱን አወጣነው።

ያኔ ነው ክርክር የተነሳው። አዲስ አበባ ቢሆን በያጅ ዘንድ ይወሰዳል፣ ካልሆነም ሶማሌ ተራ ተዞሮ ሌላ ይፈለጋል። ቤንዚን የያዘ ታንክ መበየድ ግን የሙያተኛ ሥራ ነው፣ ያውም በሚገባ ትነቱ ከጠፋ በኋላ። ውስጡን የሚቀባ ማሸጊያ ቀለምም አለ። እኔ አልወደውም። ትንሽ ዝገት ወይም ቅባት የቀረበት ቦታ ላይ አይዝም፤ ሲላጥ ደግሞ እንደ ላስቲክ እየተገመሰ ወንፊቷን ይዘጋል፣ ከዝገቱ ይብሳል። ቀዳዳ ከሌለው ማጠቡ ይበቃል፣ ቀዳዳ ካለው አዲስ መግዛት። ለቮልስ አዲስ ሳልባትዮ እስከ ዛሬ ይመረታል፤ ለሌላ አሮጌ መኪና ይህ ዕድል ላይኖር ይችላል፣ ያኔ በያጁን ፈልጉ።

አዲሱንም ሳታጥቡ አትግጠሙ። እኔ የገዛሁት ሲመጣ በዘይትና በብረት ብናኝ ተለውሶ ነበር። ከሳልባትዮው እስከ ሞተሩ በወለሉ መሐል የሚያልፈውን ቱቦ በአየር አስነፋን፣ የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየርን። ፊልትሮውን ደግሞ ከሞተሩ ክፍል አውጥተን ከፊት ታንኩ ስር አደረግነው። ይህን ለቮልስ ባለቤቶች አጥብቄ እናገራለሁ፦ ሞተሩ ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ፊልትሮ ቱቦው አንድ ቀን ቢያመልጥ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ይረጫል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ብረት ስለሆነ ከተቀጣጠለ ውሃ አያበርደውም።

የተበላሸውን ቤንዚን ሳር ላይም ቱቦ ውስጥም አትድፉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ ሼዲ ግሮቭ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ኮልቪን ስትሪት ያለው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ውሰዱት።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ኮፈኑን ተደግፈው ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት በቮልስ እንደተወሰዱ አስታወሱኝ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ድልድዩን ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ፊልትሮው አሁንም ጥርት ያለ ነበር።

አሮጌውን ሳልባትዮ ልጥለው ስል ጋሼ ከለከሉኝ። «ቀዳዳው ለውሃ ማንጠፍጠፊያ ይሆናል፣ ጤና አዳም እተክልበታለሁ» አሉ። አክስቴ ከወጥ ቤት መስኮት ሆና ሰማች።

«ቤንዚን የጠጣ ጤና አዳም እኔ ቡና ውስጥ አይገባም!»

እስካሁን ጋራዡ ጥግ ተቀምጧል።