ያውቁ ኖሯል? ትንሽ ወረቀት፣ ትልቅ ታሪክ

▪ በዓለም የመጀመሪያው ባለሙጫ ቴምብር «ፔኒ ብላክ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840 በብሪታኒያ ወጣ። በላዩ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል እንጂ የአገር ስም የለበትም። ብሪታኒያ ዛሬም በቴምብሯ ላይ ስሟን አትጽፍም። ያን ጊዜ ጠርዙ ስላልተበሳ በመቀስ እየተቆረጠ ይሸጥ ነበር፤ አራቱም ጠርዙ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ዋጋው ከፍ ይላል።

▪ የመጀመሪያው ፖስት ካርድ እ.ኤ.አ. በ1869 በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሲወጣ ሥዕል አልነበረውም፤ ፊቱ ለአድራሻ፣ ጀርባው ለመልእክት ብቻ ነበር።

▪ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ታትመው ወጡ። ከሰባቱ አራቱ የዳግማዊ ምኒልክን፣ ሦስቱ የአንበሳን ምስል ይዘዋል።

▪ እ.ኤ.አ. በ1856 በብሪታኒያ ጉያና የታተመው ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር በዓለም ላይ አንድ ብቻ እንዳለ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

▪ መሰብሰብ ለሚጀምሩ፦ የጣት ወዝ ወረቀቱን ስለሚያበላሽ ቴምብር በወረንጦ ይያዝ። በሙጫ የተለጠፈ የቆየ ቴምብር ከፖስታው ላይ አይላጥም፤ ለብ ባለ ውሃ ሲነከር ራሱ ይለቃል። ማኅተሙ ቀንና ከተማ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ ግን ከነፖስታው ያስቀምጡት።