ከደብረ ማርቆስ ወደ ጢስ ዓባይ፦ ስለ ቅዳሜና እሑድ ጉዞ

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብና አደይ በየመስኩ መፈንዳት ሲጀምር፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ «ቅዳሜና እሑድ ቤተ ሰብ ይዘን ፏፏቴ ለማየት ብንወጣ ወዴት እንሂድ? መቼስ እንነሣ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ አሳቤን በአንድነት ጽፌ ላቅርብ ብዬ ይህችን ጦማር ጀመርሁ። ወዴት ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሁለት ቀን ደርሶ ለሚመለስ ሰው ከጢስ ዓባይ የሚበልጥ አላውቅም። መቼ ለሚለው ግን ነገሩ ረዘም ይላል፤ መኪናና ማደሪያ በገንዘብ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ውሃው ግን የራሱ ወራት ያለውና ለማንም ዕረፍት ብሎ የማይጠብቅ ነውና።

በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያየነው ያ ሰፊ ነጭ ውሃ፣ ቁመቱ ከአርባ ሜትር በላይ፣ ስፋቱም በሙላት ጊዜ እስከ 400 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ዓመቱን በሙሉ እንዲሁ የሚገኝ የሚመስለው ሰው በመጋቢት ሄዶ አለቱን ባዶውን ሲያገኘው ማዘኑ አይቀርም። የዚህም ምክንያቱ የበጋው ድርቅ ብቻ አይደለም። ከፏፏቴው በላይ ውሃ እየተቀበለ የሚሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ ሁለተኛውም በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ከዚያም በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ፣ ዓባይ የሚወጣበትን የጣና ሐይቅ ውሃ በምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚያሻግረው፣ ያ ውሃ ጢስ ዓባይን ሳይረግጥ ዞሮ በታች ከዓባይ ጋር ይገናኛል። መብራት የሚያስፈልገን መሆኑን አልክድም፤ በቤቴም ይበራል፤ ነገር ግን መንገደኛ የሆነ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የሚሻለው ወራት የትኛው ነው? በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ብዙ ቢሆንም ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ ወደ ገደሉ የሚያወርደው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ልጆችና አረጋውያንም ይቸገራሉ። ጣና ግን እንደ ደግ ባለጸጋ ጎተራ የክረምቱን ውሃ ሰብስቦ ቀስ በቀስ የሚያወጣ ስለሆነ፣ ሐይቁ ከፍ የሚለው ዝናሙ ሊያቆም ሲል በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ስለዚህም ሰማዩ ከጠራ በኋላ ውሃው ገና ሳይጎድል የሚቆይባቸው ሳምንታት አሉ። እነዚህም ሳምንታት ሊቃውንቶቻችን ዘመነ ጽጌ ብለው ከሰየሙት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ካለው ወራት ጋር ይገጥማሉ፤ ማኅሌተ ጽጌ በየአድባራቱ ሌሊቱን የሚቆምበት፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምናስብበት ወራት ነው። (ወደዚያው ወደ ግብፅ የሚወርደውን ውሃ በዚሁ ወራት ማየት ለሚያስተውል ሰው ሌላ ደስታ አለው።) እኔ ብጠየቅ ከጥቅምት ቅዳሜዎች አንዱን እመርጣለሁ።

ስለ መንገዱ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የማርቆስ ሰው ብዙ ጊዜ፣ ከጮቄ ተራራችን የሚወርደው ውሃ ሁሉ በጢስ ዓባይ ላይ የሚያልፍ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት ካነሣችው ከግዮን ጋር አበው ያስተባበሩት ዓባይ፣ ከጣና ወጥቶ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ይወርድና ጎጃምን ከሦስት ወገን ከብቦ ይሄዳል፤ የጮቄ ልጆች የሆኑት ጨሞጋና ሙጋ የመሳሰሉት ወንዞች የሚገናኙት ከፏፏቴው እጅግ ርቆ፣ በጥልቁ በረሃ ውስጥ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን አስፋልት ስትጓዙ ይህን በዓይናችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ፤ በደንበጫ ጠምጫን፣ በጅጋ ብርን፣ በፍኖተ ሰላም ላህን፣ በጥሊሊ ፈጣምን ስትሻገሩ ውሃው ሁሉ ወደ በረሃው ይወርዳል፤ የእንጅባራን ደጋ አልፋችሁ በዱርቤቴ ቅልቲን፣ ወደ መራዊ ስትቃረቡም ግልገል ዓባይን ስትሻገሩ ግን ውሃው ፊቱን ወደ ጣና መልሷል። ከጣና መጋቢዎች ትልቁ ይህ ግልገል ዓባይ ሲሆን፣ ምንጩም በሰከላ፣ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን ባለበት በግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ጸበል ነው፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊያዩት የደከሙለት ማለት ነው። ሦስተኛ ቀን ያለው ሰው ወደዚያ ጎራ ቢል እሰየው፤ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ግን አይሞክረው።

የሁለቱንም ቀን አከፋፈል በተመለከተ፣ ብዙዎች ቅዳሜን በባሕር ዳር መዝናኛ አሳልፈው ፏፏቴውን ለእሑድ ያቆዩታል። ይህ የማይረባ ዕቅድ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጢስ ዓባይ የወረደ ሰው ተመልሶ ያን ያህል መንገድ በጨለማ መንዳት ግድ ይሆንበታል። ይልቅስ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሡ፤ ቁርሳችሁን እንጅባራ ከመግባታችሁ በፊት በዘንገና ሐይቅ ዳር ብሉ፤ ይህ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሆነ ይነገራል፤ ዳሩም ቀዝቃዛ ነውና ጋቢ አትርሱ። ምሳ ባሕር ዳር ይሁን፤ ከዚያ ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ የቀረው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናም ቢከለክላችሁ የእሑድ ማለዳ በእጃችሁ ይቀራል። ቅዳሜ በየከተማው የገበያ ቀን ስለሚሆን፣ ሹፌራችሁ አህያና ባለ ሸክም በሞላበት መንገድ እንዳይቸኩል አስጠንቅቁት። ስንቁ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ይበቃል፤ ጾመ ጽጌን ለሚጾመውም ቤተ ሰብ ይህ ምንም አያጎድልም።

ከሁሉ በፊት ግን የሰላሙን ነገር መጠየቅ ይቅደም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የሆነውን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበትን ዘመን አይተናል። ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት በዚያ ሳምንት በመንገዱ የተመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ አንዱ ቢያመነታ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አሳድሩት።

ከደረሳችሁ በኋላ ወደ ፏፏቴው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ በጀልባ ከላይ ተሻግሮ የሚቀርበው አጭሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1626 ገደማ የተሠራውን፣ ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ኮረብታውን የሚወጣው ነው። እግሩ ለጸናለት ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ያ ከላይ ስፍሕ ብሎ የወረደ ታላቅ ወንዝ በድልድዩ ሥር በጠባብ አለት መካከል ተጨምቆ ሲያልፍ ታያላችሁና፤ ኮረብታው ላይ ስትወጡም ፏፏቴው በሙሉ ፊት ለፊት ይቆማል። ቀስተ ደመናውን የሚሻ፣ ፀሐይ ከጀርባው የምትሆንበትን ቦታ ይምረጥ። በእርጥብ አለት ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚደፍረውን ወጣት ግን ታላላቆቹ ይከልክሉት፤ ልጆችንም እጃቸውን ያዙ።

አሁን የቀረው አንድ ጉዳይ ነው። መኪና ከመኮናተራችሁ በፊት፣ ዓርብ ማታ ባሕር ዳር ወዳለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውላችሁ «ውሃው ሞልቶ ይወርዳል ወይስ ቀንሷል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀንሷል ካላችሁ የመጪውን ዓመት ጥቅምት ጠብቁ።