በሌላ ሰው ስም «አቤት» ያለው ማነው?

በደብረ ታቦር ለማስተምራቸው ልጆች አጭር የወንጀል ምርመራ ታሪክ ጽፈው እንዲያመጡ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ከሁሉ የበለጠው የአንድ ጎበዝ ልጅ ጽሑፍ ነበር፤ ዳሩ ግን የመርማሪው ስም ጆን፣ ከተማውም ኒው ዮርክ ነው። «ለምን ታደሰ አላልከውም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ቲቸር፣ መርማሪ ታደሰ አያምርም» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

አንባቢ ሆይ! ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ያስተማረው ሲኒማው ነው። እስቲ የቀድሞዎቹን የሆሊውድ የመርማሪ ፊልሞች አብረን እንመልከት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቻርሊ ቻን የተባለውን ቻይናዊ መርማሪ በ1925 በልብ ወለድ የፈጠረው አሜሪካዊው ደራሲ ኧርል ዴር ቢገርስ ነው። በዚያው ዘመን በሆኖሉሉ ፖሊስ ውስጥ ቻንግ አፓና የሚባል ትውልደ ቻይናዊ እውነተኛ መርማሪ ይሠራ ነበር። ሆኖም ከ1931 ጀምሮ በ16 ፊልሞች ቻንን ሆኖ የተጫወተው በስዊድን አገር የተወለደው ዋርነር ኦላንድ ነው። እርሱም በ1938 ሲሞት ቦታውን የወረሰው ሌላው ነጭ፣ ሲድኒ ቶለር ነው። በቻይና የተወለደው ኪ ሉክ ግን የመርማሪው የበኩር ልጅ ሆኖ ከአባት ተብዬው ኋላ ይሮጥ ነበር።

መቸም እውነቱን ለመናገር ቻን ብልህና ጨዋ ሰው ነው፤ ኦላንድ ራሱ በ1929 ከተጫወተው ከክፉው ፉ ማንቹ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን መምህር ስም ሲጠራ፣ የቀረውን ልጅ ተክቶ ሌላው «አቤት!» ቢል ምን ይባላል? ስሙ ተገኘ፤ ልጁ ግን የለም። በ1940 ኪ ሉክ ራሱ ዋና መርማሪ ሆኖ አንድ ፊልም ሠራ፤ ዕድሉም በዚያው ቀረ።

ጥቁሮቹስ? በ1940ዎቹ የቻን ፊልሞች ውስጥ ማንታን ሞርላንድ የተባለ ድንቅ ቀልደኛ ነበረ። የተሰጠው ሥራ ግን መኪና መንዳትና ዓይኑን አፍጦ መፍራት ነው።

በ1967 ሲድኒ ፖይቲየር መርማሪ ቨርጂል ቲብስ ሆኖ ቀረበ። አንድ የነጭ ባለጸጋ በጥፊ ሲመታው እርሱም ወዲያው በጥፊ መለሰ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ሲሸለም፣ የተዋናይነቱን ሽልማት የወሰደው ግን ነጩ ሮድ ስታይገር ነው፤ ፖይቲየር በዕጩነት እንኳ አልተጠራም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የዚያኑ ፊልም ድርሰት የጻፈው ስተርሊንግ ሲሊፋንት በ1973 «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለውን ጻፈ። የኒው ዮርኩ ጥቁር መርማሪ የሰው ንግድ የሚያካሂዱትን ሊይዝ ወደ አፍሪካ ይመጣል፤ ፊልሙም በከፊል የተነሣው በአገራችን ነው። የእኛው ደበበ እሸቱ ተጫውቶበታል። አለሜ የምትባለውን የአገር ልጅ ሆና የተጫወተችው ግን የሳን ፍራንሲስኮ ተወላጅ ቮኔታ ማጊ ናት። ሥራዋን አልነቅፍም። ብቻ ተራራው የእኛ፣ ስሙ የእኛ ሲሆን፣ «አቤት» ያለችው ሌላ ናት።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ነገርኩት። ቀጥዬም ስለ አውጫጭኝ አጫወትኩት። ቀድሞ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ ባንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን ያወጣ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። ምርመራ ከባርኔጣ ጋራ ከኒው ዮርክ የመጣ ነገር አይደለም።

በሳምንቱ ታሪኩን እንደገና ጽፎ አመጣ። የተሰረቀው በቅሎ ነው፤ መርማሪውም ጋቢውን ተከናንቦ በጉም ውስጥ ዱካ ይከተላል። ስሙ ታደሰ ነው። ልጁ ቆሞ ሲያነብ ማንም አልሳቀም፤ መጨረሻው ሲደርስ ግን ደወሉ ተደውሎ እንኳ የተነሣ ተማሪ አልነበረም።

እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ የቆየ ፊልም ሲያዩ በሌላው ስም «አቤት» ያለውን ይፈልጉ። ብዕር ካለዎት ደግሞ በራስዎ ስም ይመልሱ።