ጎንደር መናገሻነቷ የት ላይ አከተመ?

ዕጩ መምህራን! ነገ ክፍል ገብታችሁ «ጎንደርን ማን ቆረቆራት?» ብትሉ ሕፃናቱ ባንድ አፍ «ፋሲል!» ይላሉ። ጥሩ ነው። «መናገሻነቷስ የት ላይ አከተመ?» ስትሉ ግን ዝም ነው። መልሱ ያለው እዚሁ ስሜን ውስጥ ነው።

ከፋሲል በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ የድንኳን ከተማ ይዘው ይዘዋወሩ ነበር። ማገዶና እህል ሲያልቅ መነሣት ነው። ዐፄ ፋሲል ግን በ1628 ዓ.ም. ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ግንብ ሠርተው ተቀመጡ። የምጽዋ ነጋዴም ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ ይገባላቸው ነበር።

በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ከግንቡ ውስጥ በስም ብቻ ቀሩ፤ ሥልጣኑን ደብረ ታቦር ላይ የየጁ ራሶች ያዙት። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በበኩላቸው ሊነግሡበት አስበው ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። ታዲያ ምን ሆነ? በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። በቀናት ውስጥም አቡነ ሰላማ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ካሣን ቀብተው «ዐፄ ቴዎድሮስ» ብለው አነገሡ። ውቤ ባሠሩት ቤት ሌላ ሰው ነገሠበት ማለት ነው!

አዲሱ ንጉሥ ዙፋናቸውን ጎንደር ላይ አልተከሉም። ደብረ ታቦርን፣ በኋላም መቅደላን መረጡ፤ ጎንደርንም በ1859 ዓ.ም. አስዘርፈው አቃጠሏት። ደረስጌ ማርያም እነሆ ዛሬም ጃናሞራ ውስጥ ቆማለች።