ሴት በሚያንስበት ግቢ

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የምትማረው የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ቡና እየጠጣን፣ ክፍላቸው ውስጥ ስንት ሴቶች እንዳሉ ጠየቅኋት፡፡ «ከሃምሳ ሁለቱ ሰባት ነን» አለችኝ፡፡ «ታዲያ ምን ችግር አለ፤ መምረጥ ነው እንጂ!» ብዬ ቀለድኩ፡፡ እሷ ግን አልሳቀችም፡፡ «አይ ጋሼ፣ ጠዋት ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣሁ ማታ ዶርም ሳልደርስ ይወራል» አለችኝ፡፡

ቀልዴ የብዙዎቻችን ስሌት ነው፡፡ ጥቂት የሆነ ነገር ይወደዳል፤ ስለዚህ ወንድ በበዛበት ግቢ ሴቷ እንደልቧ ትመርጣለች እንላለን፡፡ ማርሻ ጉተንታግ እና ፖል ሲኮርድ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው መጽሐፋቸው ይህን ስሌት የተቀበሉት በግማሹ ነው፡፡ በቁጥር ያነሰው ወገን ከፍቅር ጓደኛው ጋር የመደራደር አቅም ያገኛል፤ ነገር ግን ሀብቱና ሥልጣኑ በወንዶች እጅ ከሆነ፣ ጥቂቶቹ ሴቶች መራጭ መሆናቸው ቀርቶ ተጠባቂ ይሆናሉ ባይ ናቸው፡፡

በአሜሪካ ዛሬ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በኮሌጆቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጄረሚ ዩከር እና የማርክ ሬግኔረስ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የሴቶች ድርሻ ከፍ ባለባቸው ግቢዎች የሚማሩ ሴቶች ወግ ያለው የፍቅር ቀጠሮ የሚኖራቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነው፡፡ ሴቷ ብትበዛም ተጎዳች ማለት ነው፡፡ የእኛዋ ደግሞ አንሳም አልተጠቀመችም፡፡

ለምን? የእህቴ ልጅ እንዳስረዳችኝ፣ አንዳንዷ ገና በመጀመሪያው ዓመት የወንድ ጓደኛ የምትይዘው ወዳው ሳይሆን ሌላው እንዲተዋት ነው፡፡ ከወንድ ጋር አብሮ ማጥናት ወሬ ስለሚያስነሳ ብቻዋን ታጠናለች፡፡ ውጤቷ ዝቅ ሲል «ድሮም በድጋፍ የገባች ናት» ትባላለች፤ ድጋፉ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 የተሰጣት መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም፡፡ ወንዱም ቢሆን አልተመቸውም፡፡ ኪሱ ባዶ የሆነው ተማሪ የግቢው በር ላይ ባለመኪናውን ሲያይ የሚናደደው በልጅቷ ላይ ነው፡፡

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፡፡ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሕግ ስማር፣ ከእኛ ጋር ታጠና የነበረች አንዲት ልጅ በእኛው ሐሜት ምክንያት ቡድኑን ጥላ ሄደች፡፡ ያን ጊዜ «ኮራች» ነበር ያልነው፡፡

የባሰው ግን የሕጉ ጉዳይ ነው፡፡ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625፣ ከሴት ጋር ባለው የመምህርነት ወይም የአሠሪነት ሥልጣን ተጠቅሞ ወሲብ የሚፈጽምን ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል፡፡ ክሱ የሚንቀሳቀሰው ግን በግል አቤቱታ ነው፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ ሰባት ሴቶች ባሉበት ክፍል ማን አቤት እንዳለች ለማወቅ ስንት ቀን ይፈጃል? መምህሩስ ቢሆን ቀጣዩን ፈተና የሚያርመው እሱ አይደለምን? ማነሷ አላስከበራትም፤ በቀላሉ እንድትለይ ነው ያደረጋት፡፡

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምለው ሁለት ነገር ነው፡፡ የተቀበላችኋቸውን ሴቶች ቁጥር ስትነግሩን የቀረበውንና ውሳኔ ያገኘውንም አቤቱታ ቁጥር ንገሩን፡፡ ደግሞም ያመለከተች ተማሪ ፈተናዋ በሌላ መምህር ይታረምላት፡፡ ይህ አዲስ ሕግም ሆነ ብዙ በጀት አይጠይቅም፡፡

ለወንዶቹ ልጆቻችን ደግሞ እኛ በጊዜው ያላደረግነውን እላለሁ፤ ልጅቷ ሻይዋን ከፈለገችው ሰው ጋር በሰላም ትጠጣ፡፡