ኤኮፊስክ፦ ያልነጠፈው አሮጌ መስክ

[ድምፅ፦ ማዕበልና ነፋስ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል]

ተራኪ፦ ከኖርዌይዋ ስታቫንገር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሰሜን ባህር መካከል፣ 70 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ እግራቸውን የተከሉ የብረት መድረኮች አሉ። ቦታው ኤኮፊስክ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1971 ጀምሮ ነዳጅና ጋዝ ሲቀዳበት ኖሯል፤ ዛሬም ይቀዳበታል። ይህን ያህል ዘመን የተቀዳ መስክ እስካሁን ያልነጠፈው ለምንድን ነው?

[ድምፅ፦ የቁፋሮ ማሽን]

ተራኪ፦ በ1958 የኖርዌይ የጂኦሎጂ ተቋም በአገሪቱ ጠረፍ ነዳጅ ይገኛል ብሎ ማሰብ እንደማይቻል ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጽፎ ነበር። በማግስቱ ዓመት በኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን ላይ ግዙፍ የጋዝ ክምችት ሲገኝ ግን የኩባንያዎች ዓይን ወደ ሰሜን ባህር ዞረ። የአሜሪካው ፊሊፕስ ፔትሮሊየም ደጋግሞ ቆፍሮ ተስፋ ወደ መቁረጡ ደርሶ ነበር። ኦሽን ቫይኪንግ በተባለው ተንሳፋፊ መቆፈሪያ ቢሠራበትም ባይሠራበትም ኪራዩ ስለማይቀርለት አንድ ጉድጓድ ጨመረ። በ1969 መገባደጃ ኤኮፊስክ ተገኘ።

ነዳጁ ያለው ወደ 3 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት፣ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ከምናውቀው ጠመኔ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ድንጋይ ውስጥ ነው። ጠመኔ ብዙ ይይዛል፤ የያዘውን ግን በቀላሉ አይለቅም። በመጀመሪያው ግምት ሊወጣ የሚችለው ከክምችቱ 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

[ሙዚቃ፤ አጭር]

ተራኪ፦ በ1984 አንድ አስደንጋጭ ነገር ታየ። በመስኩ ላይ በነበረው ግዙፍ የኮንክሪት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው በላይ መታየት የነበረባቸው የቀዳዳ ረድፎች ቀንሰው ተገኙ። የባህሩ ወለል መድረኮቹን እንደተሸከመ እየሰመጠ ነበር። ነዳጁና ጋዙ ሲወጣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ግፊት ወርዶ፣ ከላይ የተጫነው ምድር ጠመኔውን ጨፍልቆታል።

በ1987 የመድረኮቹ እግሮች ተቆርጠው፣ በሃይድሮሊክ ክሪክ 6 ሜትር ከፍ ተደረጉና ተቀጠሉ። በዚያው ዓመት የባህር ውሃ በጉድጓዶች ወደ ታች መግፋት በሰፊው ተጀመረ። ውሃው የጎደለውን ግፊት ይተካል፤ ነዳጁንም ከጠመኔው እያስለቀቀ ወደ ማውጫው ጉድጓድ ይነዳዋል። ነገር ግን ጠመኔ ሲርስ ይደክማል፤ ግፊቱ ካገገመም በኋላ ስምጠቱ አልቆመም። ስለዚህ በ1998 ይህን ታሳቢ ያደረጉ አዳዲስ መድረኮች ሥራ ጀመሩ።

ከ2010 ወዲህ ደግሞ በባህሩ ወለል ላይ ቋሚ የመለኪያ ገመዶች ተዘርግተዋል። ከላይ የሚላከው የድምፅ ሞገድ ሲመለስ ይቀበላሉ፤ ባለሙያዎቹም ውሃው የደረሰበትንና ነዳጅ የቀረበትን ለይተው አዲስ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ዛሬ ከክምችቱ ከግማሽ በላይ እንደሚወጣ ይጠበቃል። በ2015 የተዘጋው ጎረቤቱ የቶር መስክም በ2020 በአዳዲስ ጉድጓዶች እንደገና ማምረት ጀምሯል።

[ድምፅ፦ ማዕበል፤ ከፍ ይላል]

ተራኪ፦ ይህ ሁሉ ያለ መሥዋዕትነት አልመጣም። በ1977 ብራቮ በተባለው መድረክ ላይ ከአንድ ጉድጓድ የፈነዳው ነዳጅ ለአንድ ሳምንት ያህል ወደ ባህር ፈሷል። በመጋቢት 1980 ደግሞ የሠራተኞች ማደሪያ የነበረው አሌክሳንደር ሼላን የተባለው መድረክ ተገልብጦ 123 ሰዎች ሞተዋል። ኖርዌይ ከዚያ በኋላ የባህር ላይ ሥራ የደኅንነት ሕግን አጠበቀች።

የኤኮፊስክ ዕድሜ የረዘመው ድንጋዩን ያለማቋረጥ የሚለኩ፣ የለኩትን የሚመዘግቡ፣ የታየውንም ጉዳት ሳይደብቁ የሚያርሙ ባለሙያዎች ስለነበሩት ነው። ነዳጅም ሆነ ጋዝ ከምድሩ ያገኘ አገር ሁሉ መለኪያውን፣ መዝገቡንና የሠራተኛውን ደኅንነት ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ይያዝ። መስኩ ካረጀ በኋላ የሚጀመር ጥንቃቄ ዋጋው እጅግ ይወደዳል።