የሜዳ ቴኒስ በአነስተኛ ኮሌጅ፦ የተማሪ ስፖርተኞች አያያዝና አመራር

በኮሌጆቻችን ስለ ስፖርት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰቡት እግር ኳስና ሩጫ ናቸው። የሜዳ ቴኒስ ግን ለብዙዎቻችን በአዲስ አበባ ክበቦች አጥር ውስጥ የሚታይ የጥቂቶች ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንደ መራዊ ባለች ከተማ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ኮሌጅ የቴኒስ ቡድን ለማቋቋም ቢያስብ ሥራውን በምን ሥርዓት ሊመራው እንደሚገባ፣ በተለይም ተጫዋቹ ተማሪነቱን ሳያጣ ስፖርተኛ ሊሆን የሚችልበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ ዓላማው መለየት ይኖርበታል። አነስተኛ ኮሌጅ የአገር ዋንጫ የሚያመጡ ተጫዋቾችን አፈራለሁ ብሎ ቢነሣ ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃውም። ጨዋታውን ተምረው ነገ በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ ወጣቶችን ማውጣት ግን ይቻለዋል። በዚህ ረገድ የበቆጂው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ በአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የሰውነት ማጎልመሻ እያስተማሩ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። በቴኒስም ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ የተባሉ ወንድማማቾች በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ድርጅት የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን ጨዋታውንና የቀለም ትምህርቱን አጣምሮ ይሰጣል። በሁለቱም ዘንድ የሥራው መሠረት ልጆቹን በቅርብ የሚከታተል አስተማሪ እንጂ ያማረ ሜዳ አይደለም። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1972 የመምህራን አካዳሚ የተቋቋመባት፣ ይህም ተቋም በ1963 ከተመሠረተው ፖሊ ቴክኒክ ጋር በ2000 ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነባት ከተማ ናት። ከመራዊ የምትርቀውም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም መምህርና አሠልጣኝ ለመዋዋስ አካባቢው የተመቸ ነው።

ሙሉው ሜዳ ርዝመቱ 23.77 ሜትር፣ ለጥንድ ጨዋታ ሲሆን ስፋቱ 10.97 ሜትር ነው። ከመሥመሩ ውጭ የሚያስፈልገው መሯሯጫ ሲታከል በጠቅላላው 36.57 በ18.29 ሜትር ያህል ቦታ ይጠይቃል። የአካባቢው ቀይ አፈር ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆና የውኃ መውረጃ ተበጅቶለት ሜዳ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ በብዙ ወጪ ከማፍሰስ በፊት ይህን መሞከር ይበጃል። አሥራ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሜዳ እንዴት ይለማመዳሉ? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ቀላል ነው። በሜዳው ርዝመት መካከል ገመድ ወይም መረብ ከተዘረጋ ሜዳው በአግድም ለአራት ትንንሽ ሜዳዎች ይከፈላል። የእያንዳንዱም ርዝመት 10.97፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሚጠጋ ይሆናል፤ ይህም ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለጀማሪ ሕፃናት ከፈቀደው መጠን ጋር ይስማማል። በዚህ ዓይነት ስምንት ሰዎች ነጠላ ለነጠላ፣ አሥራ ስድስት ሰዎች ደግሞ በጥንድ ባንድ ጊዜ ሊጫወቱ ይችላሉ። ተማሪዎቹም ወደፊት በመንደር ት/ቤት የሚያስተምሩበትን ዘዴ እግረ መንገዳቸውን ይለምዱበታል።

ስለ ኳሱ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መራዊ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጨዋታው ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ያዛል፤ በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ለቆላ አገር የተሠራ ኳስ ከመጠን በላይ ይፈናጠራል፣ ርቆም ይወድቃል። ጀማሪው ጥፋቱ የእጁ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል። ውስጡ የታመቀ አየር የሌለበትን ኳስ መግዛት ለኮሌጁ ከሁሉ ይሻላል፤ ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ ግፊቱ ስለማይቀንስ ለረዥም ጊዜ ያገለግላል።

ዋናው ችግር ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በከፍተኛው ምድብ አንድ ተማሪ በውድድር ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ቢያንስ አንድ ቀንም እንዲያርፍ ይደነግጋል። አያሌ አነስተኛ ኮሌጆች የሚገኙበት ሦስተኛው ምድብ ደግሞ ለስፖርት ችሎታ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ የገንዘብ ድጎማን ይከለክላል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ይኸው ሁለተኛው ነው፤ ተጫዋቹ ወደ ኮሌጁ የሚገባው በትምህርቱ ይሁን፣ ራኬቱ ተከታይ ነው። ለጀማሪ ቡድን በሳምንት ስድስት ሰዓት ይበቃል፤ ይኸውም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ሴት ተማሪዎች ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱት በጨለማ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ቤተሰብ ቢከለክላቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ከምግብ ቤቱ ኃላፊ ጋር አስቀድሞ መነጋገርም ያስፈልጋል፤ ከልምምድ ተመልሶ እራቱ ያለቀበት ተማሪ በሳምንቱ አይመጣም። (ይህን የመሰለ ጥቃቅን ነገር በዕቅድ ሰነድ ላይ ሲጻፍ አይታይም፤ ቡድን የሚፈርሰው ግን ብዙውን ጊዜ በእርሱ ነው።)

በጋው ለጨዋታው እጅግ የተመቸ ወቅት ሲሆን ዐቢይ ጾምም በዚያው ወቅት ይውላል። ሙስሊም ተማሪዎችም የረመዳን ጾም አላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ ምግብና ውኃ ያልቀመሰን ወጣት ማስሮጥ ተገቢ አይደለም። በእነዚህ ሳምንታት ሩጫው ቀንሶ የአመታት ቅልጥፍናና የዳኝነት ሕግ ቢጠና ይሻላል።

ስለ ውጤት ያለኝ አስተያየት ከተለመደው ጥቂት ይለያል። ማስጠንቀቂያ የደረሰውን ተማሪ ወዲያውኑ ከቡድን ማስወጣት የማይደግፍ እርምጃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሥርዓት እንዲነሣና እንዲተኛ የሚያደርገው ያው ልምምድ ነውና። ይልቁንስ ጉዞው ይታገድ፣ ከሦስቱ የልምምድ ቀናትም አንዱ በመምህር ክትትል የጥናት ሰዓት ይሁንለት። ቡድኑ ለውድድር ሲወጣ ኃላፊው የተጓዦቹን ስምና የሚያመልጣቸውን ክፍለ ጊዜ ለየመምህሩ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በፈተና ሳምንት ግን ጉዞ ጨርሶ አይኖርም።

ተጋጣሚ ኮሌጅ በቅርብ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ውድድሩ ከውስጥ መጀመር አለበት። ለዚህም የመሰላል ፉክክር የሚባለው ዘዴ ይመረጣል። የተጫዋቾቹ ስም ከላይ ወደ ታች በሠሌዳ ላይ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ከበላዩ ካሉት ከሁለቱ አንዱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ካሸነፈ ቦታ ይለዋወጣሉ። ለዚህ ዳኛም፣ አበልም፣ መኪናም አያስፈልግም። ከግማሽ ዓመት በኋላ የሠሌዳው የላይኞቹ ስድስት ሰዎች ባሕር ዳር ሄደው መጫወት ይችላሉ።

ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ የአፈር ሜዳውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የኮሌጅ ዕረፍትም በዚሁ ወቅት ስለሚውል ጉዳቱ ጥቂት ነው። መረቡ በሰኔ መጀመሪያ ተፈትቶ፣ ደርቆና ተቆጥሮ ከራኬቶቹ ጋር ወደ ንብረት ክፍል ይገባል። በመስከረም መጨረሻ አዲሶቹ ተማሪዎች ከመመዝገባቸው በፊት ሜዳው እንደገና ይደለደላል፤ ለዚህም የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በየዓመቱ በጀት ውስጥ በስሙ ተለይቶ መያዝ አለበት።